ያልተነካው ጭቃ

በግ ስንገዛ ላቱን እንጨብጣለን፣ ጥርሱን እንቆጥራለን። ጤፍ ስንገዛ ዘግነን እናያለን። መኪና አስጠግነን ስንወጣ ግን ለመሆኑ ምን ገዝተን ነው የምንወጣው? ይህን ጥያቄ ያነሣነው ኪሳችን ከተራቆተ በኋላ ነውና አንባቢ ከክርክሩ በፊት ታሪኩን እንዲሰማን እንለምናለን።

ባለፈው ሰኔ 12 ቀን ስድስት ተማሪዎች ሆነን የሚካኤልን ንግሥ ለማክበርና የጓደኛችንን ቤተሰብ ለመጠየቅ ከባሕር ዳር ወደ ቁሐር ሚካኤል ሄድን። የተከራየናት አሮጌ ቶዮታ ሚኒባስ እስከ ወረታ በአስፋልቱ ደህና አደረሰችን። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የፎገራ ሜዳ ነው፤ በበጋ እንደ ጠረጴዛ፣ ክረምት ሲገባ እንደ ገንፎ። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚተኙበት ይህ ዋልካ መሬት ለሩዝ የታደለውን ያህል ለጎማ የተረገመ ነው። ስንመለስ ዝናብ ደረሰብን፤ መኪናችንም እስከ ሆዷ ሰመጠች። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጎማው ባለበት ይዞራል፣ ጭቃው ይረጫል፣ የሚቃጠል ፍሪሲዮን ይሸተናል።

ያወጡን ገበሬዎች ናቸው። ሁለት ጥማድ በሬ፣ አንድ ወፍራም ገመድና ስምንት ያህል ጎልማሶች መጡልን። ጠጠሩ መንገድ ላይ ስንደርስ ለታላቅየው «አባባ፣ ስንት እንስጥ?» ብንላቸው «ልጆቼ፣ ነገ የኔ ልጅ ባሕር ዳር ላይ ቢወድቅ አታነሡትም?» አሉን። አፍረን ዝም አልን።

መኪናዋ ወጣች እንጂ አልሄደችም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሹ ይገባል፣ እሷ ግን ትንፏቀቃለች። ባዶውን ወደ ወረታ የሚመለስ አይሱዙ አግኝተን እንዲጎትተን ለመንነው። ሾፌሩ ገመዱን ሳያስር «3,000 ብር» አለ። ተከራከርን፤ አልቀነሰም። ከፈልን።

ወረታ ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ፍሪሲዮኑ አልቋል። ዲስኩም፣ ፕላቶውም፣ ኩሽኔታውም ይቀየራል። ከነእጅ ዋጋው 18,000 ብር» አለን። ምን እንበል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቤተሰብ ጋ ደውለን፣ አስልከን፣ አዋጥተን ከፈልን። እዚያው ወረታ አደርን። በማግሥቱ መኪናዋ ምንም እንዳልነካት ሆና ጠበቀችን። አሮጌውን ዕቃ ስጠን ብንለው «ከቆሻሻ ጋር ተጥሏል» አለ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ባለ መኪናው አዲስ ተገጠመ የተባለውን ዕቃ ሊያሳይ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰዳት። ሽማግሌው ከሥር ገብተው ትንሽ ቆዩና «ኑ፣ እዩ» ብለው ጠሩን። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምባቸው ቡሎኖች ላይ የፎገራ ዋልካ ደርቆ ተጋግሯል። አንዱንም ቁልፍ አልነካውም። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት፤ ካምቢዮ ለማውረድ ደግሞ እነዚያ ቡሎኖች መፈታት አለባቸው። የተሠራው ሥራ የፔዳሉን ልክ ማስተካከል ብቻ ነበር። የቀረውን መኪናዋ ራሷ አድራ፣ በርዳ ጨርሳዋለች።

«ሌባ!» አልን በአንድ ድምፅ። ሕግ የሚያጠናው ጓደኛችን ወዲያው ወደ መጽሐፉ ሮጠ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1704 በተንኮል የተገኘ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ቁጥር 1710 ደግሞ ጠለቅ ይላል፦ ውል ለአንዱ ወገን አድልቷል ተብሎ ብቻ አይፈርስም፤ ነገር ግን የተጎጂውን ችግር፣ የዋህነቱን፣ መጃጀቱን ወይም በግልጽ የሚታይ የንግድ ልምድ ማጣቱን መጠቀሚያ በማድረግ ከተገኘ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ ይችላል ይላል። «በሉ እንክሰሰው፤ ደረሰኙ የታለ?» አለ።

ደረሰኝ የለም። ለምን የለም? መካኒኩ «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» ሲለን «ያለ ደረሰኝ ይሁን» ያልነው እኛው ነን! የመንግሥትን ቀረጥ ለመሸሸግ ከሰውየው ጋር በተስማማንበት አፍ ነው አሁን ሌባ የምንለው። እዚህ ላይ ቁጣችን ቀዘቀዘ፤ ማሰብም የጀመርነው ያን ጊዜ ነው።

ከመካከላችን አንዷ ሌላ ጥያቄ ጨመረች፦ «እውነቱን ነግሮን ቢሆንስ? ፍሪሲዮኑ ስለጋለ ነው፤ ፔዳሉን አስተካክላለሁ፤ ይደርላችሁ፤ 4,000 ብር ክፈሉ ቢለን ምን እንል ነበር?» ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቀዋለን። «ለአሥር ደቂቃ ሥራ? ቁልፍ ለማዞር? አታፍርም?» እንለው ነበር። ሽማግሌውም ይህንኑ አጫወቱን፤ ዕቃ ሲቀይሩ ምስጋና እንደሚያገኙ፣ ዕቃ አያስፈልገውም ሲሉ ግን ደንበኛው እንደሚከራከራቸው። ስለዚህ እንመን፦ እኛ ደንበኞች ለብረት እንከፍላለን እንጂ ለዕውቀት አንከፍልም። ዕውቀቱን የማይገዛው ያጣ ሰው፣ ዕውቀቱን በብረት ዋጋ ሸፍኖ መሸጥ ይለምዳል።

ታዲያ ይህ መካኒኩን ነፃ ያወጣዋል? አያወጣውም። ለምን እንደማያወጣው ለማየት በዚያ ቀን ያገኘናቸውን ሦስቱን ሰዎች ጎን ለጎን እናቁማቸው። ገበሬዎቹ በነፃ አወጡን፤ ሆኖም ኑሯቸው ከእርሻው እንጂ መኪና ከማውጣት አይደለምና የእነሱን ደግነት ለባለ ጋራዥ የዋጋ መለኪያ ማድረግ ግፍ ነው። ባለ ጋራዥ ኪራይ አለበት፣ ቀረጥ አለበት፣ ልጆች አሉት። የአይሱዙው ሾፌር ውድ ጠየቀ፤ ነገር ግን ዋጋውን ገመዱ ሳይታሰር ነገረን፣ መጎተቱንም በዓይናችን አየን። ጨካኝ ነህ ልንለው እንችል ይሆናል፤ ሌባ ነህ ልንለው አንችልም። መሽቶ፣ ዝናቡ ቀጥሎ፣ ሌላ መኪና እንደማይመጣ አውቆ 30,000 ብር ቢለን ኖሮ ግን ነገሩ ይለወጥ ነበር። ያን ጊዜ የሚሸጥልን መጎተቱን መሆኑ ይቀርና መጨነቃችን ይሆናል።

እንግዲህ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ሰው ጉልበቱን ይሽጥ፣ ናፍጣውን ይሽጥ፣ ዕውቀቱን ይሽጥ፤ የራሱ ናቸውና ይገባዋል፤ እኛም ሳናጉረመርም መክፈል ይገባናል። የእኛ ችግርና የእኛ አለማወቅ ግን የእሱ አይደሉም፤ የእኛ ናቸው። የሰውን ንብረት ወስዶ መልሶ ለባለቤቱ መሸጥ ምን ይባላል?

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው» የሚል ይኖራል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመውና በ2001 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች አንዱ በሆነው ጽሑፉ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ስለማያውቅም ለሁሉም የጥርጣሬ ዋጋ ይሰጣል። በጥርጣሬ ዋጋ ደህና መኪናውን የሚሸጥ ስለሌለ ደህናው ከገበያ ይወጣል፤ መጥፎው ይቀራል። በጋራዥም ያው ነው። ያ መካኒክ የወሰደው የእኛን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱ ያለውን የሐቀኛ መካኒክ እንጀራ ጭምር ነው። ከዛሬ ወዲያ እኛ ሽማግሌውንም በጥርጣሬ ዓይን ሳናይ አንቀርም።

አባቶቻችን ኢኮኖሚ ሳይማሩ ለዚህ ነገር ስም ነበራቸው፦ አደራ። ሰው የማያየውን፣ ሊመረምረው የማይችለውን ነገር በሌላው እጅ ሲያኖር አደራ ሰጠ ይባላል። ሌባ ቢሰደብም ይታረቃል፤ «አደራ በላ» የተባለ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል። የመኪና ቁልፍ መስጠት የአደራ ሥራ ነው፤ ደረሰኝ ኖረም አልኖረም።

ነገሩን በመካኒኩ ላይ ዘግተን ብንሄድ ደስ ባለን። ግን እኛስ ማን ነን? ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመካከላችን አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ጠበቃ፣ አንዷ የግብርና ባለሙያ ትሆናለች። ከበሬዎቻቸው ጋር ያወጡን አባት ሆዳቸውን አሟቸው፣ የመሬት ክርክር ገጥሟቸው፣ ወይ ስለ ሩዝ ዘር ጠፍቷቸው ፊታችን ይቆማሉ። ሆዳቸውን ከፍተው፣ ሕጉን አንብበው፣ ዘሩን ሰንጥቀው ማየት አይችሉም። የምንላቸውን ያምናሉ፤ የምንጠይቃቸውንም ይከፍላሉ።

ያን ቀን እኛም ማንም ከሥር ገብቶ የማያየው ቡሎን ይኖረናል። በላዩ ላይ ያለውን ጭቃ የምናውቀው እኛ ብቻ እንሆናለን።