ካርድ ክፍሉን ሳያዩ

ልጄ፣ ቁጭ በልና ስማኝ። ባለፈው ሰኔ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ መግቢያ ተማሪዎችህ ፕሮጀክታቸውን ሲያቀርቡ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። መምህርን በተማሪው ፊት ማዋረድ ነውር ነውና ያን ዕለት ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልልህም።

አምስት ልጆች ለጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሶፍትዌር ሠራን ብለው ቀረቡ። አንዱ ተናገረ፣ አራቱ ቆሙ። ሰነዳቸው የካርድ ክፍል ሠራተኞችን አነጋግረናል ይላል፤ ገጹን ስገልጥ የሌላ ሆስፒታል ስም ሳይፋቅ ቀርቷል። አንተም አየኸው። አይተህ ኤ ሰጠሃቸው!

ጤና ጣቢያውን አንዳቸውም አልረገጡትም። ረግጠውት ቢሆን ካርድ የምታወጣው ሴት ወዲያው ትነግራቸው ነበር። በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን አለ፤ የልጆቹ ፎርም ግን ወሩን 12 ላይ ይጨርሳል። በ3 ሰዓት ነይ የተባለች እናት ጠዋት ትመጣለች፤ ፎርሙ ግን ቀጠሮዋን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያስቀምጠዋል። ኮዱ የታዘዘውን ሠርቷል። ሐሰቱ ትእዛዙ ላይ ነው፤ ትእዛዙን ደግሞ ከሰው አፍ አልሰሙትም፣ ገልብጠውታል።

ትእዛዝ ሲሳሳት ምን እንደሚያስከትል እኛ አገር ሊዘነጋ አይገባም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ 157 ሰው አለቀ። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ በተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው አልቆ ነበር። አውሮፕላኑ የአፍንጫውን ማዕዘን ከነፋሱ አንጻር የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት፤ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ሐሰት ሲነግረው አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ደፋው። ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ፈጸመ። አንዱ መሣሪያ ቢሳሳትስ ብሎ የጠየቀ የቦይንግ መሐንዲስ እንደነበረ የአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ በኋላ ገልጧል፤ ንድፉ ግን ሳይለወጥ በረረ።

አንተ እዚህ አገር ቆመህ ስለ ሪኳየርመንት፣ ማለትም ስለዚሁ ትእዛዝ፣ ስታስተምር ግን ትርጉሙን አስጽፈህ በፈተና ታስመልሳለህ። በ1968 እ.ኤ.አ. በጀርመን ጋርሚሽ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግን በስሙ ጠርተው የተነጋገሩት፣ ሥራው ከቀኑ እያለፈና ከበጀቱ እየበለጠ ስላስጨነቃቸው ነው። አንተ ዓመቱን ታስሸመድዳለህ፤ ጭንቀቱን አላወረስካቸውም።

ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን አይስተውም። ደቀ መዝሙሩ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል። የሌላውን ቅኔ የኔ ነው ቢል መምህሩ አያልፈውም። አንተ አሳለፍካቸው፤ ያውም በከፍተኛ ውጤት። ልጆቹ ካንተ የተማሩት ትልቁ ትምህርት ያልሠሩትን ሠራን ማለት እንደሚያዋጣ ነው።

ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ ኮምፒውተሩ ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል ትለኛለህ። እውነት ነው፤ እኔም እዚያው ክፍል ዘመኔን ጨርሻለሁ። ዳሩ ግን ካርድ ክፍል ሄዶ ለመጠየቅ ኮምፒውተርም መብራትም አያስፈልግም። ደብተርና እግር ይበቃል። ሰውን መጠየቅ፣ የሰማኸውን መልሰህ ማንበብ፣ ተሳስተሃል ሲሉህ ማረም፣ ይህን ካላስተማርካቸው ጃቫውን የትም ይማሩታል፤ አንተ አታስፈልጋቸውም።

ያን ኤ አንሣው። አምስቱንም ጥራቸው፣ እኔም አጥፍቻለሁ በላቸው፣ ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምሩት። ሰነዱን ሲጨርሱ ለካርድ ክፍሏ ሴት ያንብቡላት፤ ልክ ነው ያለችውን ብቻ ተቀበል። ጤና ጣቢያው ከግቢያችን በር በእግር 10 ደቂቃ ነው።