የዳዊት ቆጠራ እና የባሕር ዳር ነገ

በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ባሕር ዳር ወደ 54 ሺህ 800 የሚጠጋ ነዋሪ ነበራት። በ1987 ዓ.ም. ቁጥሩ 96,140 ደረሰ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ሳይጨመሩ 155,428 ሰው ተቆጠረባት። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ሕዝብ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ቢልም፣ አራተኛው ቆጠራ ሲንከባለል ቆይቶ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ዳግም አራዘሙት። ስለዚህ ስለ ከተማዋ ነገ የሚከራከር ሁሉ፣ መሐንዲሱም ሆነ ካህኑ፣ የቤት ደላላውም ሆነ የቀበሌው ሹም፣ ንግግሩን የሚጀምረው ከትንበያ ነው።

ትንበያ እንደ መነሻው ይለያያል። በ1976 እና በ1987 መካከል ከተማዋ ያደገችበትን ፍጥነት ይዞ ከ1999 ወደፊት የሚያሰላ ሰው፣ በ2032 ዓ.ም. ከ920 ሺህ በላይ ነዋሪ ያገኛል። በ1987 እና በ1999 መካከል የታየውን ዕድገት የሚይዝ ግን የሚደርሰው ከ540 ሺህ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። በሁለቱም በኩል ሒሳቡ ልክ ነው። በመካከላቸው ያለው ግን 380 ሺህ ያህል ሰው ነው፤ በመጨረሻው ቆጠራ ከተገኙት የከተማዋ ነዋሪዎች ሁሉ ከሁለት እጥፍ በላይ። እነዚህ ሰዎች ይምጡ አይምጡ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የውሃ መሥመራቸው፣ ትምህርት ቤታቸው፣ የመቃብር ቦታቸው ግን የሚታሰበው ዛሬ ነው፤ ዛሬ ካልታሰበ በኋላ መሬቱ አይገኝም።

ክርክሩ ከሒሳብ ወጥቶ የሕሊና ጥያቄ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ገና ላልመጣ ሰው፣ ገና ላልተወለደ ልጅ፣ ዛሬ በሕይወት ያለው ምን ዕዳ አለበት? ዕዳውን ለመክፈልስ ከማን ወስዶ ይከፍላል?

በአገሬው ዘንድ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለ፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ልጆቹን በቁጥር መናገር ደስ የማይለው፣ ከብቱንም ስንት ነው ሲሉት ዳር ዳር የሚል ገበሬ ዛሬም ሞልቷል። ይህን ድንቁርና ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ከሥሩ ያለው ሐሳብ፣ ሕይወት የሰጪው እንጂ የቆጣሪው ንብረት አይደለም የሚል እምነት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ መብዛት ለሰው የተሰጠ በረከት ነው። ቁርኣንም በሱረቱል ኢስራእ ድህነትን ፈርቶ ልጅ መግደልን ሲከለክል፣ ሲሳይን የሚሰጠው አላህ መሆኑን አያይዞ ይናገራል። በጣና ዙሪያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያደጉት በዚህ መተማመን ነው። ሆኖም ይህ መተማመን ለወላጅ የተሰጠ መጽናኛ ነው፤ ለማዘጋጃ ቤት ማመካኛ ሊሆን አይገባውም። እናት ልጄ በዕድሉ ያድጋል ብትል እምነቷን ተናገረች። ውሃ የማዳረስ ኃላፊነት የተቀበለ ቢሮ ያንኑ ቢደግም ሥራውን ጣለ።

ቆጠራን ኃጢአት ያደረገ የመሰለው ታላቁ ታሪክ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 24 ይገኛል። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡ እንዲቆጠር አዘዘ። የጦር አለቃው ኢዮአብ ተቃወመ፤ የንጉሡ ቃል ግን አሸነፈው። ቆጠራው 9 ወር ከ20 ቀን ፈጀ። ይዘው የተመለሱት ቁጥር ሰይፍ የሚመዝዙ ወንዶችን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ 800 ሺህ ከእስራኤል፣ 500 ሺህ ከይሁዳ። ከዚያ ዳዊትን ልቡ መታው፣ ቸነፈር መጣ፣ 70 ሺህ ሰው አለቀ። ስለ ቆጠራ ሲነሣ ብዙዎች ታሪኩን እስከዚህ ድረስ ብቻ ይተርኩታል።

ይሁን እንጂ በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እግዚአብሔር ራሱ ያዘዘው ቆጠራ አለ። ሙሴ በምድረ በዳ ሕዝቡን ቆጥሮ 603,550 ወንዶች አገኘ። ከዚያ ቀድሞ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 አንድ ሥርዓት ተደንግጓል፤ የተቆጠረ ሁሉ ግማሽ ሰቅል ይሰጣል፣ ባለጠጋው አይጨምርም፣ ድሃው አያጎድልም፣ ገንዘቡም ለመገናኛው ድንኳን አገልግሎት ይውላል። ሁለቱን ቆጠራዎች ጎን ለጎን ላስቀመጠ አንባቢ ልዩነቱ ከመቁጠሩ ላይ አይደለም። ዳዊት የቆጠረው ኃይሉን ለማየት ነው። በሙሴ ሥርዓት ግን መቆጠር ሰውን ከሌላው እኩል ያደርገዋል፣ የጋራ ግዴታም ያመጣል።

ባሕር ዳር ላይ የሚቀርብ ማንኛውም ትንበያ በዚህ ሊመዘን ይገባል። አንድ ሚሊዮን እንሆናለን የሚል ቁጥር መሬት ለማስወደድ፣ ወይም ከሐዋሳና ከመቀሌ ጋር ለመፎካከር ከተነገረ የዳዊት ቆጠራ ነው። ያው ቁጥር የውሃ ጉድጓድ፣ የጤና ጣቢያና የድሃ ቤት ግዴታ ይዞ ከመጣ ሌላ ነገር ነው። ብዛት በራሱ መልካም ነው ወይ በሚለው ላይም የቀደሙ አሳቢዎች ተለያይተዋል። አሪስቶትል ከተማን በሕዝቧ ብዛት መለካትን ተቃውሞ፣ ሥራዋን በሚገባ የምትሠራዋን ትልቅ አለ። የቱኒዙ ተወላጅ ኢብን ኻልዱን በ14ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ሙቀዲማ በአንጻሩ ብዙ ሕዝብ ሥራን ተካፍሎ ብልጽግናን ይወልዳል ብሎ፣ የፌዝ ለማኝ እንኳ ከትሌምሴን ለማኝ እንደሚሻል ምሳሌ ሰጠ። ቄሱ ቶማስ ማልተስ በ1798 እ.ኤ.አ. ምግብ ሕዝብን አይደርስበትም ሲል ያስጠነቀቀው ከሁሉ ይልቅ ይጠቀሳል። ለከተማ ክርክር ግን ከሁሉ ያነሰ የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ከተማ በወሊድ ብቻ አያድግምና።

የባሕር ዳር ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፣ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ1965 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የመሩት ቡድን ማስተር ፕላን አወጣላት። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የክልል መቀመጫ ሆነች፣ በ1992 ዓ.ም. ሁለት ተቋማት ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። እያንዳንዱ ውሳኔ ሰው ጠራ። እንግዲህ የከተማ ዕድገት እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ አይደለም፤ ፋብሪካና መሥሪያ ቤት የት እንደሚተከል የሚወስኑ ሰዎች የሚያመጡት ነው። ትንበያው ግማሽ በግማሽ ውሳኔ ከሆነ፣ ወሳኙ «ቁጥሩ እንዲህ ይላል» ብሎ ከኃላፊነት ሊያመልጥ አይችልም።

ኃላፊነቱ ከሁሉ የሚከብደው በከተማዋ ዳርቻ ነው። ከተማ ሲሰፋ የሚሰፋው ባዶ መሬት ላይ አይደለም፤ ጤፍና በቆሎ በሚዘራበት፣ ጫት በሚለቀምበት፣ ከብት በሚሰማራበት ማሳ ላይ ነው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 አባዝቶ ካሳ እንዲከፈል ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ በ15 አባዛው። መሻሻሉ እውነተኛ ነው። ሆኖም ስሌቱ የሚቆጥረው ምርትን ነው። በዚያ ማሳ ላይ ጎጆ ይወጣ የነበረው ልጅ፣ ከእሱም የሚወለደው፣ በ15 ዓመት ገቢ ውስጥ አይገባም። ትንበያው ገና ላልመጣው የከተማ ነዋሪ ቦታ ሲያስብ፣ ካሳው ገና ላልተወለደው የገበሬ ልጅ አያስብም። ይህ በሥነ ምግባር ሚዛን የማይደገፍ አድልዎ ነው፤ ሁለቱም ገና ያልመጡ ናቸውና።

የዳዊት ታሪክ ፍጻሜ ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ነው። ቸነፈሩ የቆመው በኢያቡሳዊው በኦርና አውድማ ላይ ነበር። ነቢዩ ጋድ ንጉሡን በዚያ መሠዊያ እንዲሠራ አዘዘው። ኦርና አውድማውንም በሬዎቹንም በነጻ ሊሰጥ ቀረበ። ዳዊት እምቢ አለ፤ ዋጋውን ከፍሎ ገዛ። መጽሐፈ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው በዚያው ስፍራ ነው። ቁጥሩን ለክብሩ የፈለገው ንጉሥ ከጥፋቱ የተመለሰው የአንድ ባለ አውድማን መሬት በዋጋው በመግዛት ነው። ኦርና እስራኤላዊ አልነበረም፤ ዳዊት ኢየሩሳሌምን ከመያዙ በፊት በዚያ ከኖሩት ወገን ነበር።

ባሕር ዳርም ከሁሉ ቀድመው ባጠገቧ የነበሩ ሰዎች አሏት። ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚሠራው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ኑሮው ከሐይቁ ዳር ጋር የተሳሰረ ነው። የሐይቁ ዳር ደግሞ ሆቴልና መዝናኛ አጥብቆ የሚፈልገው መሬት ነው። ስለ 2032 የሚናገር ፕላን ይህን ማኅበረሰብ በቱሪስት ፎቶ ብቻ የሚያስታውስ ከሆነ የጎደለው ነገር ቀላል አይደለም። ጨረቃ ቤት ሠርቶ የሚኖረው የቀን ሠራተኛም እንዲሁ ነው። ከተማዋን ድንጋይ እያቀበለ የገነባው እሱ ነው፤ ፕላኑ ግን ቤቱን እንጂ እሱን አያየውም፣ ቤቱንም የሚያየው ሊያፈርሰው ነው።

መጠን የሚለው ሐሳብ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከከተማዋ ጀልባ ይዘው የሚደርሱበት የዘጌ ልሳነ ምድር ለዘመናት በደን ተሸፍኖ ቆይቷል። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ እንዳይታረስ አዘዙ፤ ሕዝቡም በደኑ ጥላ ሥር ቡና እያለማ ኖረ። ትእዛዙ ሰውን አላባረረም፤ አኗኗሩን ግን ወሰነ። ጣና ዛሬ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ወሰን ነው። ሐይቁ በጥልቁ ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ብቻ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታወቀው የእምቦጭ አረም ከማሳ በሚታጠብ ማዳበሪያና ከሰፈር በሚወርድ ፍሳሽ ይፋፋል። ለ540 ሺህም ሆነ ለ920 ሺህ ሰው የታሰበ ፕላን ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ካልተናገረ የሰዎቹን ቁጥር ጽፎ ኑሯቸውን ረስቷል።

ቁጥሩ ራሱ መታመን እንዳለበትም መዘንጋት አይገባም። የ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልልን ሕዝብ ቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ በሚሆን ሰው ዝቅ አድርጎ ባሳየ ጊዜ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከባድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ የተጎዳው እምነት እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉን የያዘው ጦርነት ደግሞ ብዙዎችን አፈናቅሎ ቀድሞ የተሠራውን ስሌት ሁሉ አናግቷል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝም አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለሰፊ ከተማ የተሠራ ነው፤ በእሱ ተሻግረው ከሚገቡት መካከል መንደራቸውን በጥይት ድምፅ ለቀው የሚመጡም አሉ። በየትኛውም ትንበያ መስመር ላይ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ቀጣዩ ቆጠራ ሲደረግ፣ ከእሱም የከተማዋ አዲስ ትንበያ ሲወጣ፣ በከተማው ምክር ቤት ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት እንሆናለን?» ብቻ አይደለም። ከእያንዳንዱ አሥር ሺህ ተጨማሪ ነዋሪ ጋር ስንት ሄክታር ከየትኛው ቀበሌ ገበሬ እንደሚወሰድ፣ ለገበሬው ልጆች በዚያው በሚሠራው ሰፈር ውስጥ ስንት ቦታ እንደሚጠበቅ፣ ለመዝናኛ የማይሰጠው የሐይቅ ዳር ከየት እስከ የት እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። ሰነዱም ሳይጸድቅ በፊት ማሳቸው በካርታው ላይ ለተሰመረባቸው ሰዎች በቀበሌያቸው ይነበብላቸው።