ሳይቀጥፉ መሣል

አበባ መሣል የሚማር ሰው አበባውን ይቅጠፈው ወይስ በቦታው ይተወው? «አንድ አበባ ቢቀጠፍ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን ከነገሌ ቦረና ወደ ቆላው ሲወርዱ የሚታየው፣ የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉት ተክል፣ በደረቁ ወራት ቅጠሉን አራግፎ በወፍራም ግንዱ ባጠራቀመው ውኃ ያብባል። አበባውን የቀጠፈ ሰው ውበቱን ይዞ ሲሄድ፣ ውበቱን የወለደውን ትዕግሥት ትቶት ይሄዳል።

የሥዕሉ ሥራም ይህንኑ ያስተምራል። በውኃ ቀለም ነጩ የሚገኘው ሳይቀባ ከተተወው ወረቀት ነው፤ በብዕር የተሰመረው መስመር ደግሞ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ አይመለስም። ስለዚህ ተማሪው ከእጁ አስቀድሞ ዓይኑን ያሠለጥናል። ወደ ሩቅ አገር የሚላክ መምህርና ሹምም እንዲሁ፣ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ተቀምጦ ይመልከት። መውደድና መውሰድ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ በሥራ ግን እጅግ ይራራቃሉ።