ወደኋላ የቀረው ታይመር

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ ጉራራ በሚወስደው ዳገት ላይ አንድ አባወራ ነበር። ቤቱ እንጦጦን ተንተርሶ የተሠራ በመሆኑ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። የእንጦጦ ብርድ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ፣ ከተራራው ካወረዷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ብርድ ነበር።

የአባወራው እናት ንጋት ላይ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ቁርጥማት ስላለባቸው ቀዝቃዛ ውሃ አይሆናቸውም። ልጆቹም በጠዋት ለትምህርት ይወጣሉ። ስለዚህ 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር አስገባ፤ ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ቆጣሪውን እንዳይበላበት ደግሞ ታይመር አስገጠመለት። ታይመሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አብርቶ 12 ሰዓት እንዲያጠፋ ተሞላ። ባለ 1500 ዋት ቦይለር ያን ያህል ውሃ በደንብ ለማሞቅ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚፈጅበት፣ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል።

መጀመሪያ ሁሉም ሰመረ። ጥቂት ቆይቶ ግን እናትየው ንጋት ላይ ቧንቧውን ቢከፍቱ ውሃው በረዶ ሆኖ ጠበቃቸው። በማግስቱም እንዲሁ። ረፋዱ ላይ፣ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ፣ ቦይለሩ ለማንም ሳይጠቅም ይግላል።

አንድ ወጣት ባለሙያ ተጠራ። «ጋሼ፣ ታይመሩ ተበላሽቷል» አለና ቀይሮት ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። አዲሱም ጥቂት ቀን ሠርቶ ዘገየ። «ፎርጅድ ሸጠውልህ ነው» ተባለና ሦስተኛ ተገዛ። ሦስተኛውም በተገጠመ ማግስት ውሃውን ሳያሞቅ አነጋ። አባወራው በንዴት «ዘንድሮ የሚታመን ዕቃ ጠፍቷል» ይል ጀመር።

በመጨረሻ ጎረቤት የጠቆማቸው አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን መጡ። ካቻቢቴ ሳያወጡ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሰሞኑን መብራት ሄዶባችሁ ነበር?»

«እሱማ መቼ ቀርቶ አባባ! ትናንት እንኳ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ጨለማ ውስጥ ነበርን።»

ሽማግሌው ተነሥተው ታይመሩን አዩት። ክቡ መደብ ላይ 24 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ዙሪያውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ትንንሽ ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ቁልፍ 15 ደቂቃ ነው። በጥፍራቸው ጠቋሚዋን ነክተው፣

«አሁን ስንት ሰዓት ነው ልጄ?» አሉ።

«ከጠዋቱ 4 ሰዓት።»

«ይሄ 7 ይላል፤ በእኛ 1 ሰዓት ማለት ነው። ስንት ጎደለው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ትናንትስ መብራት ለስንት ሰዓት ጠፋ?»

አባወራው መልስ አልሰጠም፤ ገብቶታል።

«እዚህ ውስጥ ያለችው ሞተር የምትዞረው በመብራቱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «መብራቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ እሷም በዚያ ልክ ትራመዳለች። ሲጠፋ ትቆማለች፤ ሲመጣ ከቆመችበት ትቀጥላለች። የጣልካቸው ሁለቱም ሆኑ ይሄ አልተበላሹም። መብራት ያገኙበትን ሰዓት አንዲት ደቂቃ ሳያጎድሉ ቆጥረዋል።»

ዳር ተቀምጠው ይሰሙ የነበሩት እናት፣ «እኔ የእንጦጦን ጭራሮ ሳነድ እሳቱ ሲጠፋ በዓይኔ አየው ነበር። ይሄ ግን ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ማንም ሳያውቅለት ነው የሚቆመው» አሉ።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ተናግረው ሲያበቁ፣ ታይመሩ ይቀየር አሉ። «ካልተበላሸ ለምን?» አለ አባወራው። «መብራት ለማይጠፋበት ቤት ይህ ይበቃ ነበር። እዚህ ግን ውስጡ ባትሪ ያለው ነው የሚያስፈልገው። ባትሪው ውሃ አያሞቅም፤ መብራት በሌለበት ጊዜ ግን ሰዓቱን ይጠብቃል።» ከዚያም ብሬከሩን አጠፉ፤ ሽቦው ኤሌክትሪክ እንደሌለበት በቴስተር አረጋገጡ፤ አዲሱ ታይመር 16 አምፔር የሚሸከም መሆኑን አይተው ገጠሙት። የላላ ብሎን እየጋለ ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጥ እያንዳንዱን ሽቦ ካጠበቁ በኋላ ሳብ ሳብ አድርገው ፈተሹት። ከዚያ ወዲህ እናትየው በሞቀ ውሃ ታጥበው ኪዳን ይደርሳሉ።

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ወደኋላ ስለቀሩ ልጆቻችን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ብዙ ሰው «ይሄ ትውልድ ሰነፍ ነው» ብሎ ፈረደ። እነዚያ ተማሪዎች በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ 10ኛ ክፍል ነበሩ። ቀጥሎ በሰሜን ጦርነት መጣ፤ ከእነሱ በኋላ በመጡት ላይ ደግሞ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ፣ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤት በር ዘጋ። ለውጤቱ ሌላም ምክንያት እንደሚኖር አላጣሁትም። ሆኖም ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ሲመለስ የሚቀጥለው ከቆመበት ነው፤ ክፍሉ ግን ትቶት ሄዷል። ልጁ መቼ እንደተቋረጠበት የማይጠይቅ መምህር ደካማ ይለዋል፤ ይህን የማይጠይቅ ወላጅ ትምህርት ቤት ይቀይርለታል፤ ልጁም ራሱን እንደ ብልሹ ይቆጥራል። ይህ ፍርድ ግፍ ነው።

መጠየቅ ብቻውን ግን አይበቃም። ትምህርት ነገም ሊቋረጥ በሚችልበት አገር ልጁ ቤት ውስጥ መጽሐፍ፣ የሚያስጠናው ታላቅ፣ ሲመለስም ማካካሻ ትምህርት ያስፈልገዋል። ስለዚህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ አንድ ልጅ ወደኋላ ቀርቶ ስታገኙት «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት መቼና ለምን ያህል ጊዜ ከትምህርት እንደራቀ ጠይቁት፤ ከዚያ ያመለጠውን አስተምሩት።