የጉልበት ባለቤት ማነው?

የአወቱ ወንዝ ጅማን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ስሙን የወረሰው ሠፈር፣ አወቱ መንደራ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ ነው የሚነቃው። በዚያ ሰዓት በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁለት ዐይነት ጉልበት ያያል። አንዱ የወጣቶቹ ነው። በአንድ ግቢ ጥግ ተሰብስበው ብረት ያነሳሉ። “ብረት” መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ሲሚንቶ የተሞሉ የወተት ቆርቆሮዎች ተተክለውበታል። ከወጣቶቹ ገሚሶቹ ኳስ ተጫዋች፣ ገሚሶቹ ሯጭ መሆን ይሻሉ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን ካነሳ ወዲህ፣ በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሕልም ማለም እንደ ቅዠት አይቆጠርም።

ሌላው ጉልበት የጫኝና አውራጆቹ ነው። የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከማና የሚመጣው ቡና በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ነው ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና የሚመላለሰው። ለውጭ ገበያ የሚሰናዳ አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ይመዝናል። ኩንታል ሙሉ የሚያነሳም አለ።

አንድ ማለዳ እነዚህ ሁለት ጉልበቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ። ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ አንድ አዛውንት ወደ ሥራቸው ሲያልፉ ቆም አሉና ቧንቧውን ከደረቱ በላይ የሚገፋውን ልጅ ጠየቁት።

“አንተ ልጅ፣ ለዚህ ማን ይከፍልሃል?”

“ማንም አይከፍለኝ አባባ። እንዲያውም ለአሠልጣኙ የምከፍለው እኔ ነኝ።”

“ታዲያ ከኛ ዘንድ ለምን አትመጣም? ስትሸከም ትውላለህ፣ ማታ ደግሞ ደመወዝህን ይዘህ ትገባለህ።”

ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄ አለፍኩ። ዳሩ ግን ቀልዱ ከኔ ጋር ሰነበተ። ለመሆኑ እኚህ አዛውንት ምን ተሳሳቱ? ስልሳ ኪሎ ስልሳ ኪሎ ነው። በጆንያ ይሁን በቆርቆሮ፣ መሬት የሚስብበት ኃይል አንድ ነው። ታዲያ ያው ክብደት አንዱን የሚገነባው፣ ሌላውን ጀርባውን የሚያጎብጠው ስለምንድነው?

መጀመሪያ የሰውነትን ነገር እንይ። የአካል ብቃት ሥልጠና አዋቂዎች የሚነግሩን አንድ ቀላል፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ እውነት አለ። ጡንቻ የሚጠነክረው ብረቱ በሚነሳበት ሰዓት ሳይሆን ብረቱ ከተቀመጠ በኋላ ነው። በሚነሳበት ሰዓትማ ይደክማል፤ ጥቃቅን ጉዳትም ይደርስበታል። ምግብ፣ እንቅልፍና ዕረፍት ሲያገኝ ነው ያጣውን ተክቶ ለመጪው ሸክም ትንሽ ትርፍ የሚያስቀምጠው። አንድን የሰውነት ክፍል በከባድ ክብደት ያሠራ አሠልጣኝ ሁለት ቀን ያህል የሚያሳርፈው ለዚህ ነው። ደግሞም አካል ሁሉ በአንድ ፍጥነት አይጠነክርም። ጀማሪው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገኘው ብርታት በአመዛኙ ነርቮቹ ጡንቻውን በወጉ ማዘዝ ስለሚማሩ የሚመጣ ነው። የጡንቻው መዳበር በወራት ይከተላል። ጅማትና አጥንት ግን ከሁሉም ይዘገያሉ። ወጣቱ መስተዋት ፊት ቆሞ ጡንቻው “እችላለሁ” ሲለው፣ ጅማቱ ገና “ቆየኝ” እያለ ነው። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለው የአባቶች ብሂል የሥልጠና መጻሕፍትን ግማሽ ምዕራፍ ያህላል።

እንግዲህ ብረቱንና ጆንያውን የለየው ክብደቱ ሳይሆን በሁለት ክብደቶች መካከል ያለው ጊዜ ነው። አዛውንቱ ዛሬ ወገባቸውን ቢያማቸው ነገ ግማሽ ጆንያ አይጫንላቸውም። የሸክማቸውን ልክ የሚወስነው የመኪናው መጫኛ እንጂ የርሳቸው ጀርባ አይደለም። ያረፉበት ቀን ያልበሉበት ቀን ነው። ልጁ ግን ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ቧንቧውን መሬት ያስቀምጣል። የሚቆጣው የለም፤ ራቱም አይቀርበትም።

እኔ እንደሚመስለኝ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጉልበት የማን እንደሆነ ለማወቅ ማን እንደሚያነሳ መጠየቅ አይበቃም። ሸክሙን ማውረድ የሚችለው ማነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ጥያቄ ለጅማ ምድር እንግዳ አይደለም። የዛሬዋ ጅማ ያደገችው በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ገበያ ከቡናው፣ ከማሩና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ገዢው የሚመረምረው ምን ነበር ቢሉ ጥርስን፣ ክንድን፣ ትከሻን ነው፤ ማለት ጉልበትን። ያ ክንድ ብርቱ ነበር፤ ብርታቱ ግን ለባለ ክንዱ አልነበረም። ባርያ ከሎሌ፣ ሎሌም ከነጻ ሰው የሚለየው በሚሸከመው ክብደት አልነበረም። የሚለየው “በቃኝ” ማለት በመቻሉና ባለመቻሉ ነበር። የ1934 ዓ.ም. አዋጅ ባርነትን በሕግ አስወገደ። ጥያቄው ግን መልኩን እየለወጠ አብሮን ይኖራል።

“ስፖርተኛና ባርያ ምን አገናኛቸው? ስፖርተኛ ወዶና ፈቅዶ አይደለምን?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ፈቅዶ ነው። ነገር ግን ፈቃድ በር እንጂ ቤት አይደለም። በፈቃዱ የገባ ሰው በፈቃዱ መውጣት ሲያቅተው እናያለንና።

በተማሪነቴ ዘመን፣ ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት፣ የኳስ ቡድናችን አሠልጣኝ አንዲት የሚወዳት አባባል ነበረችው፤ “ጀግና አይደክምም” ይል ነበር። እኛም አናነሳም የማንለው ድንጋይ፣ አንወጣም የማንለው ዳገት አልነበረም። ከመካከላችን እጅግ ብርቱ የነበረው ጓደኛችን ጉልበቱን ማመም ጀመረው። ለሁለት ሳምንት ደበቀው። ማን አስገደደው? ማንም። አሠልጣኙ በአለንጋ አልመታውም። ግን “ደከመኝ” ማለት “ጀግና አይደለሁም” ማለት ሆኖ ስለ ተሠራ አፉ ተያዘ። በአንድ የዋንጫ ጨዋታ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልገባም። እስከ ዛሬ ደረጃ ሲወርድ በጎን በኩል ነው የሚወርደው። ጓደኛችን ሸክሙን የማውረድ መብት ነበረው፤ መብቱን የሚጠቀምበት ቃል ግን አልነበረውም።

ዛሬ ደግሞ ገንዘቡ ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። አንድ የገጠር ልጅ በጎዳና ሩጫ አሸንፎ ለቤተሰቡ ቆርቆሮ ቤት ከሠራ በኋላ የሚሮጠው ብቻውን አይደለም። እናቱ፣ ታናናሾቹ፣ ወኪሉ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ በትከሻው ላይ ነው። በዓመት ሁለት ማራቶን የሚበቃው ሰውነት ሦስተኛና አራተኛ ይጠየቃል። ያን ጊዜ አትሌቱ ሳያውቀው ከብረት አንሺነት ወደ ጫኝና አውራጅነት ተሻግሯል። የሸክሙን ልክ የሚወስነው የርሱ ጀርባ መሆኑ ቀርቷል።

የጥንት ግሪኮች ይህንን ነገር በተረት አድርገው አስቀምጠውታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የክሮቶኑ ሚሎን በኦሊምፒያ ስድስት ጊዜ በትግል ያሸነፈ ሰው ነው። አንድ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ፣ ጥጃው እያደገ፣ የርሱም ጉልበት አብሮ እያደገ፣ በመጨረሻ ወይፈኑን እስከ መሸከም ደረሰ ይባላል። የሥልጠና መምህራን ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ሸክምን በጥቂት በጥቂቱ ስለ መጨመር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። የታሪኩን መጨረሻ ግን ብዙዎቹ አይነግሩንም። ሚሎን በጫካ ሲያልፍ በሽብልቅ የተፈለጠ ግንድ አየ። ጉልበቱን ለማሳየት እጁን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ ሊገነጥለው ቢሞክር ሽብልቁ ወደቀ፤ ግንዱም ተጋጥሞ እጁን ያዘው። ማታ አራዊት መጥተው በሉት። ያን ወይፈን ያነሳ ክንድ፣ ከያዘው ነገር መላቀቅ አልቻለም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ዋና ነገር፣ ቡናን፣ ሳናነሳ ብናልፍ ጅማ ትታዘበናለች። ድካም ቋንቋ ነው። ሰውነት “አውርደው” የሚልበት ቋንቋ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በአንጎላችን አዴኖሲን የተባለውን የድካም መልእክተኛ በር ላይ ያግደዋል፤ ድካሙ አልጠፋም፣ ወሬው ነው የዘገየው። የኦሊምፒክ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ካፌይንን ከከለከላቸው አበረታች መድኃኒቶች ጋር መድቦት ነበር፤ በኋላ በጸናው ገደብ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ12 ማይክሮ ግራም በላይ የተገኘበት ይቀጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 መባቻ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ዛሬ በክትትል ብቻ ይታያል። በአካባቢያችን የሚቃመው ጫት ግን የሚያነቁት ካቲኖንና ካቲን የተባሉት ቅመሞች እስከ ዛሬ በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ ካቲን ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ፣ ካቲኖን ደግሞ በማናቸውም መጠን።

ታዲያ አንድ ስኒ ቡና በታኅሣሥ ኃጢአት፣ በጥር ጽድቅ ሆነ ማለት ነው? አይመስለኝም። ኮሚቴ መስመር ማስመር አለበት፤ መስመር ሁሉ ደግሞ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ከመስመሩ ጀርባ ያለው የሞራል ጥያቄ ግን አይንቀሳቀስም፤ ይህ ነገር የሰውነቴን ቃል እንድሰማ ይረዳኛል ወይስ አፉን ይይዝብኛል? አበረታች መድኃኒት የሚያስነውረው ተፎካካሪን ስለሚያታልል ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ከገዛ አካሉ ጋር የነበረውን ንግግር ስለሚያቋርጥበትም ጭምር ነው። “ጀግና አይደክምም” የሚለው የአሠልጣኛችን ቃልም በዚህ ሚዛን ቢመዘን ከመርፌው ብዙም አይርቅም።

“እንዲህ ከሆነማ ሁሉም በደከመው ቁጥር እያወረደ ማን ሊያሸንፍ ነው?” ለዚህ መልስ የምሰጠው በሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። አበበ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ያልሰማ የለም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ያደረገው ነው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ገና ከአንድ ወር ጥቂት ቢያልፍ ነው። 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጸመና፣ ሕዝቡ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሣሩ ላይ ወርዶ ሰውነቱን እያፍታታ ስፖርት ይሠራ ጀመር። ሁለተኛው ሯጭ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር። ያ ትዕይንት ከስዊድናዊው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር የዓመታት ሥራ ፍሬ ነው። ጉልበቱን ጨርሶ ያላሟጠጠ፣ ከራሱ ጋር የታረቀ ሰው ትዕይንት ነው።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ፣ ያው አበበ እግሩን እያመመው ሩጫውን ጀመረና ከግማሽ መንገድ በፊት አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ቀጠለና ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ። የሁለት ኦሊምፒክ ባለ ወርቅ፣ ዓለም እያየው፣ ሸክሙን መንገድ ዳር አወረደ። ማንም “ጀግና አይደለም” አላለውም። ሊልም አይችልም። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ እግሮቹን ነሣው። ያን ጊዜ የሥልጠናው ፍሬ እግሩ ውስጥ ብቻ የነበረ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያ ባበቃ ነበር። አበበ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል በቀስት ውድድር ተሰለፈ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ስፖርተኛ ነበር።

እንግዲህ አሠልጣኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይገባኛል። “አንሳ” ማለትን ማንም ይችላል፤ ጆንያውም ይለዋል፤ ድህነትም ይለዋል። “አስቀምጠው” ለማለት ግን ማወቅም መውደድም ይጠይቃል። የወጣቱን ድካም የሚያዳምጥ አሠልጣኝ ከጡንቻ በፊት ሰው እየሠራ ነው። የማያዳምጥ ግን፣ ስንት ዋንጫ ቢደረድር፣ መጋዘን ነው የሚጠብቀው።

የአዛውንቱ ቀልድ ግን ዕዳ ትቶብናል። ለስፖርተኛው የምናውቅለትን ሕግ፣ ማለት ሸክም በልክ፣ ምግብ በጊዜ፣ ዕረፍት በሥርዓት የሚለውን፣ ለርሳቸው ለምን አናውቅላቸውም? ጅማታቸው ከልጁ ጅማት በምን ያንሳል? ጠዋት ጠዋት የምንጠጣው ስኒ ቡና በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አልፎ የመጣ ነው። ያ ሰው ጆንያውን ሲያወርድ ራቱንም አብሮ የሚያወርድ ከሆነ፣ በሂርማታ ገበያ የቀረ የመሰለን ጥያቄ አልቀረም ማለት ነው።

ያን ዕለት ልጁ ለአዛውንቱ መልስ አልሰጠም፤ ስቆ ቧንቧውን መሬት አስቀመጠና ላቡን ጠረገ። አሁን ሳስበው ግን መልሱ እሱ ነበር።