ሦስት ጊዜ የተነሣው ብላቴና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ በስደት አገር ልጆቻችሁን በእምነት የምታሳድጉ ወላጆች፣ ልጆቻችሁንም ለአያት ትታችሁ በሰው ቤት የምትደክሙ እኅቶቻችን፤

ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ወደ እኛ ይዘውት የሚመጡት አንድ ጭንቀት አለ። «ከትምህርት ቤት ተጠርቼ ልጅሽ አይቀመጥም፣ አያዳምጥም፣ ሐኪም ይየው አሉኝ። ልጄ ግን ገና በአምስት ዓመቱ ማንበብ የቻለ፣ መዝሙር አንዴ ሰምቶ የሚይዝ ነው። ታሟል ልበል ወይስ አእምሮው ፈጥኖበት ነው?» ይላሉ።

ለዚህ ጥያቄ ወደ ሴሎ እንሂድ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ሐና በመቅደስ ስታለቅስ እናገኛታለን። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ካህኑ ዔሊ በመቃኑ አጠገብ ተቀምጦ አፏን ተመለከተና ሰክራለች ብሎ ፈረደ። ያየው ነገር ውሸት አልነበረም፤ ከንፈሯ በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የተሳሳተው ምክንያቱን ነው። ሐና አልተሳደበችም፣ ዝምም አላለችም፤ በአክብሮት የልቧን ሐዘን አስረዳችው። እርሱም ፍርዱን ትቶ በሰላም ሸኛት።

ከዚያች እናት የተወለደው ሳሙኤል ደግሞ በምዕራፍ 3 በሌሊት ተነሥቶ እየሮጠ ወደዚሁ ሽማግሌ ካህን ይመጣል። አልጠራሁህም፣ ሂድና ተኛ ተባለ። ዳግመኛ ተነሣ፤ ዳግመኛ ተኛ ተባለ። (ሲነጋ ሥራ የሚገባ ወላጅ ሌሊት የሚቀሰቅሰውን ልጅ እንዴት እንደሚቀበለው ሁላችንም እናውቃለን።) በሦስተኛው ግን ዔሊ አስተዋለ፤ ልጁ የሚነሣው የሚጠራው ስላለ ነበር።

እንዲህ ስንል የማይቀመጥ ልጅ ሁሉ ሳሙኤል ነው ማለታችን አይደለም። ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር በእውነት ያለ ነገር ነው። ብልግና አይደለም፣ ቡዳም አይደለም፣ እናቱ ስላላሳደገችው የመጣም አይደለም። ነገር ግን በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታወቅም። ሰው አይቶ፣ ጠይቆ፣ አመዛዝኖ ነው የሚደርስበት። ስለዚህም ሐኪሞች የሚመሩበት ደንብ መቸኮልን ይከለክላል፤ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ማለትም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የሚታዩ፣ ኑሮውንና ትምህርቱንም የሚያውኩ መሆን ይገባቸዋል።

ከእኩዮቹ እጅግ የቀደመ አእምሮ ያለው ልጅም ከሩቅ ሲያዩት ይህንኑ ይመስላል። ሌሎቹ ሁለተኛውን ጥያቄ ሲጽፉ እርሱ አሥሩንም ጨርሶ በመስኮት ያያል፣ ጎረቤቱን ያናግራል፣ መምህሩን «ለምን?» እያለ ያደክማል። የሚያውቀውን እንደገና ሲያስተምሩት ልቡ ይሸሻል። ታዲያ አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት «የእኔ ልጅ ሊቅ ነው እንጂ ምንም የለበትም» ብሎ ይዘጋዋል። ይህም ከዔሊ የመጀመሪያ ፍርድ አይሻልም። «መጫወቻ ሲገጣጥም ሁለት ሰዓት አይነቃነቅም» ማለትም ማስረጃ አይሆንም፤ ችግሩ ያለበት ልጅም በሚወደው ነገር ላይ ተተክሎ ሊቀር ይችላል። ደግሞም ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ብሩህነቱ ችግሩን ለዓመታት ይሸፍነዋል።

በዚህ አገር ሌላም አለብን። ልጆቻችን በቤት አማርኛ፣ በመንገድ ዓረብኛ፣ በክፍል እንግሊዝኛ ይሰማሉ። ትእዛዙ ያልገባው ልጅ እንቢተኛ ይመስላል። ብዙ ሰው በሚጋራው ቤት መብራት እስከ እኩለ ሌሊት እየበራበት እንቅልፍ ያጣ ልጅም፣ ጆሮው ወይም ዓይኑ የደከመም እንዲሁ።

እንግዲህ እንደ ሐና እንናገር። ከመምህሯ ጋር አንጣላ፤ ያየችውን አይታለች። ግን እንጠይቃት፤ የሚነሣው ሥራውን ከመጨረሱ በፊት ነው ወይስ ከጨረሰ በኋላ? በሁሉም ትምህርት ነው ወይስ በአንዱ? ከባድ ጥያቄ ሲሰጠው ይረጋጋል ወይስ ይብስበታል? እኛም በቤት ያየነውን ለሁለት ሳምንት ያህል በደብተር እንጻፍና ለሐኪሙ ይዘን እንሂድ። ጆሮና ዓይኑ ይታይ። ችሎታውም የሚመዘን ከሆነ በደንብ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲሆን እንጠይቅ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና ጠበሉንና ሐኪሙን አናጣላ። ለጎረቤት ልጅ የታዘዘውን ኪኒን ለልጃችን አንስጥ፤ ሐኪም ያዘዘውንም በራሳችን አናቋርጥ። ለዚህ ችግር የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ያለ ማዘዣና ያለ ፈቃድ በመንገደኛ ሻንጣ አይላክ፤ ተሸካሚውን ከሕግ ያጋጨዋል።

ልጆቻችሁ አገር ቤት ያሉ እኅቶቻችን፣ ይህ ነገር እናንተን ይበልጥ እንደሚያስጨንቃችሁ እናውቃለን። ሐናም ልጇን በሴሎ ትታ ተመልሳለች። ግን በየዓመቱ ትንሽ ልብስ ሠርታ ትወስድለት እንደነበር ምዕራፍ 2 ይነግረናል። ለሚያድግ ልጅ ልብስ የምትሠራ እናት ዘንድሮ ምን ያህል እንዳደገ ማወቅ አለባት። እማማ በስልክ «ይኼ ልጅ አላስቀምጥ አለኝ» ሲሏችሁ ቁጣውን አስቀድማችሁ አትላኩ። መቼ መቼ እንደሚብስበት ጠይቁ፤ ምናልባት ከእናንተ ጋር አውርቶ ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ የናፈቀ ልጅም አይቀመጥምና። የመምህሩን ስልክ ተቀበሉና ራሳችሁ ደውሉ። ከዚያም ልጁን ራሱን፣ ሳትቸኩሉ፣ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው ጠይቁት።

ሳሙኤልን በስሙ የጠራ አምላክ በቅርብም በሩቅም ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።