ለቦርድ አባልነት ለተመረጠው ልጃችን

ልጄ፣ ለውሃ አገልግሎቱ ቦርድ መመረጥህን የሰማሁት ጁምዓ ከሶላት ስንወጣ ነው። አላህ ያግዝህ፤ ደስ ብሎኛል። ደስ ካላቸው መካከል ግን አንዱ ጎረቤታችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ሲመርቅህ ሰማሁትና እንቅልፍ ነሳኝ። የአባቶች ተረት ነው ተብሎ ሁሉ አይያዝም። ይሄኛው አገር ያፈረሰ ተረት ነው፤ አንተ በደጅህ አታሳልፈው።

አበል አትቀበል ማለቴ አይደለም። «በነጻ አገልግሉ» የሚሉ ሰዎች ሐሳባቸው ያምራል፤ መጨረሻው ግን አያምርም። ሥራውን አቋርጦ፣ ያን ሁሉ ሪፖርት አንብቦ የሚመጣ ሰው ድካሙ ሊከፈለው ይገባል። በግልጽ ያልተከፈለ በስውር ይከፈላል፤ በመሥሪያ ቤት ነዳጅ፣ በዘመድ ቅጥር፣ ወረፋ ዘሎ በሚገባ የውሃ መስመር። ስለዚህ ይከፈልህ፣ ግን ይታወቅ። በወር ይሁን በስብሰባ፣ ስንት እንደሆነ፣ በማን መመሪያ እንደተወሰነ ውሃ የሚቀዳው ሰው ይወቀው። ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ቦርድ አባላት ክፍያ በመመሪያ ጣሪያ አበጅቶ ያውቃል። እዚያ የሚከፈለው የባለአክሲዮን ገንዘብ ነው። የአንተ ቦርድ የሚይዘው ግን ጀሪካን ተሸክማ ፈረቃዋን የምትጠብቅ እናት የምትከፍለውን ነው፤ አማና ነው። ባልተገኘህበት ስብሰባ አበል ላይ ፈርመህ ከተቀበልክ ሐራም በላህ፤ ሌላ ስም የለውም።

ደግሞ በሌላ ቦርድም ግባ ሲሉህ እምቢ በል። በአገራችን አንዱ ሹም የመሥሪያ ቤቱን ሥራ እንደያዘ በየቦርዱ ይቀመጣል፤ ከየቦርዱም አበል ይቀበላል። «ሁለት ያባረረ አንዱንም አይዝ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሰነዱን መኪና ውስጥ ገለጥ ገለጥ አድርጎ የገባ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ሌላው አገር እድር የሚለውን የቅሬያችንን ነገር አስብ። ዳኛው ደሞዝ የለውም፤ ሂሳብ ግን አለበት። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ከድንኳኑ ካስማ ስንቱ ጠፋ፣ ከስኒው ስንቱ ተሰበረ እያለ ያነባል። አንዱ ከኋላ ሆኖ «ባለፈው ለቅሶ የወጣው ትልቁ ድስት የት ገባ?» ካለ መልሱ ሳይገኝ ጉባኤው አይነሳም። ለአንድ ድስት እንዲህ የምንጠያየቅ ሰዎች ለሚሊዮን ብር ዝም የምንለው ለምንድን ነው? ስለ ቦርድ ስናስብ ነገሩ የመንግሥት ነው ብለን ስለምንተወው ይመስለኛል።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በቦርድ ጠረጴዛ ግን ዝምታ ይነቅዛል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተሮች ግዴታቸውን ሳይወጡ ቀርተው ለደረሰው ጉዳት በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው ይል ነበር። ከዚያ ነጻ የሚወጣው ጥፋት የሌለበትና መቃወሙን ወዲያው በቃለ ጉባኤ አስጽፎ ለኦዲተሮች ያሳወቀ ነበር። ያንተ መሥሪያ ቤት የሚተዳደርበት ሕግ ሌላ ይሆናል፤ ልማዱን ግን ከዚያ ውሰድ። ካልተስማማህ ሻይ ሲጠጣ አታጉረምርም። «ልዩነቴ ከነምክንያቱ ይመዝገብልኝ» በል። ሲያነቡልህ ቃሉ ካልገባ አትፈርም። ሰብሳቢው ይቀየምህ ይሆናል። ይቀየም፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ሩቅ አልወስድህም። ኮምቦልቻ ያለውን ሐዲድ ታውቀዋለህ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሀራ ገበያ የሚደርስ፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተያዘለት፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ የተዋዋለው መስመር ነው። ግንባታው በ2007 ተጀመረ። እስከ ኮምቦልቻ ያለው አብዛኛው ሥራ አልቆም የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይደርሰው ቆየ፤ በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደረሰበትና ንብረቱ ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ለጦርነቱ ቦርድ አይጠየቅም። ኃይሉ ሳይዘጋጅ ሐዲዱ ለምን ቀደመ የሚለው ግን የቦርድ ጥያቄ ነው። የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ቦርድ ነበረው፤ በዚያ ጠረጴዛ ማን ምን እንዳለ ቃለ ጉባኤውን ለኮምቦልቻና ለአካባቢው ሰው ያነበበለት የለም።

የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽኑን ሜቴክንም አስታውስ። በኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል ብለው ለሕዝብ ተናገሩ። ሥራ አስኪያጆቹ በካቴና ሲመጡ በቴሌቪዥን አየን፤ መንደሩ ሁሉ ስለ እነሱ አወራ። ከእነሱ በላይ የተቀመጠው ቦርድ በዓመታቱ ምን ሲጠይቅ ኖረ ብሎ የተነሳ ሰው ግን በሰፈራችን አልሰማሁም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለሥራ አስኪያጅ ብቻ አይደለም፤ አበሉን አይቶ ለሚገባ የቦርድ አባልም ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሦስት ወረቀት ጠይቅ፤ የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት፣ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤዎች፣ ለእያንዳንዱ አባል የተከፈለውን ዝርዝር። «ኋላ ይደርስሃል» ካሉህ ቀን ቆርጠው ይንገሩህ። እንቢ ካሉህ መጠየቅህን አስመዝግብ፤ ቀጥሎም ለሚመለከተው የበላይ አካልና ለክልሉ ዋና ኦዲተር በደብዳቤ አሳውቅ፤ ግልባጩንም ቤትህ አስቀምጥ። ከዚያ በኋላ የሰጡህን አበል በረካ ያድርግልህ፣ ብላው።